የእናቴ ሐጃ

ጥር 13

ተራ ቀን። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ቆዳ ማስጣት። ፀሐዩ ደህና ስለነበር ሳይመሽ ሁሉም ደረቀ። እህቴ ፋዲላ ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ገባ ብላ ስትነጫነጭ ዋለች። የቆዳ ነጋዴ ልጅ ሆና ምን ልትሸት ኖሯል?

እትዬ ሮማነወርቅ ከጥምቀት የተረፈ ድፎ ላከችልን። ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነው። የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። ዳቦ ግን ሃይማኖት የለውም ትላለች እናቴ። አባዬ አንድ ቁራሽ በልቶ "የኛ አገር ዳቦ ግን..." ብሎ ጀመረ። ፋዲላ ከአፉ ተቀበለችው። ቀጭን ነው፣ የምድጃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ በማር ይበላል... ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። አባዬ ከባሕር ማዶ ያለውን የዓረብ አገር፣ ሐድረሞትን፣ የለቀቀው እኛ ሳንወለድ ነው። አሁንም "አገር" ሲል እሱን ነው።

እናቴ "አገር" ስትል ወሎን ነው። ፋዲላና እኔስ? አዳማን ነዋ። ሌላ የት እናውቃለን?

ጥር 15

በአማርኛ ስለምጽፍ ቤት ውስጥ የሚያነብብኝ የለም። አባዬ የሚያነበው ዓረብኛ ነው። እናቴ ጭራሽ አታነብም። ፋዲላን እኔ ፊደል ላስቆጥራት ጀምሬ "መ" ላይ ስትደርስ ሰለቸኝ ብላ ቆማለች።

ስለዚህ ይህን መጻፍ እችላለሁ፦ ናስር ናፈቀኝ።

ታላቅ ወንድሜ አብዱናሲር። በመስከረም ሞተ። ቆዳ ሊገዛ ቡልቡላ ወርዶ ንዳድ ያዘው። ደገፋ የሚባል ገበሬ ቤት ታሞ፣ እዚያው ሞቶ፣ እዚያው ተቀበረ። አባዬ ያን ጊዜ ጅቡቲ ነበር። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ ከተቀበረ ሰንብቷል። መቃብሩን ማናችንም አላየነውም። አባዬ ከዚያ ወዲህ ለንግድ እንኳ ከመቂ አልፎ አያውቅም።

ድሮ ሰው ሁሉ አባዬን "አባ ናስር" ነበር የሚለው። አሁን እዚያ ላይ ሲደርሱ አፋቸውን ይይዛሉ። እሱም ያውቅባቸዋል።

ናስርና እኔ አንድ መደብ ላይ ነበር የምንተኛው። ዛሬም ወደ ግድግዳው ተጠግቼ እተኛለሁ። ሰው የሚመጣ ይመስል...

ጥር 18፣ እሑድ

ከሶደሬ ተመለስን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ትናንት በበቅሎ ሄደን እዚያው አደርን። ፍል ውሃው ዳር ሰው ብዙ ነበር። ከአርሲ የወረዱ ሽማግሌዎች፣ ሁለት መነኮሳት፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ወታደር። ኦሮሞውም አማራውም ውሃው ውስጥ ሲገባ እፎይ የሚለው በአንድ ቋንቋ ነው።

ጦጣ የፋዲላን ዳቦ ከነመጠቅለያው ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጣ። ፋዲላ ከሥር ቆማ ትሰድበዋለች፣ እሱ ከላይ እያያት ይበላል። እናቴ ሻሿ እስኪወድቅ ሳቀች። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ወደ አዋሽ ዳር ወሰደኝ። አዞ ሊያሳየኝ መስሎኝ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከዒድ በኋላ ወደ አገር ትሄዳለህ አለኝ። ወደ አጎቴ። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ። ያገሩ ሰው ከጅቡቲ መጥቶ ይወስደኛል።

አዲስ ነገር አይደለም። አዳማ ያሉት ዓረቦች ሁሉ ወንድ ልጃቸው ሲጎረምስ ወደ አባቱ አገር ይልኩታል፤ ቋንቋውንና ዘመዱን እንዲያውቅ። አንዳንዱ ይመለሳል። አንዳንዱ እዚያው አግብቶ ይቀራል። ናስርም ሊሄድ ነበር። ዘንድሮ፣ ከርሞ ሲባል...

ትምህርቴስ አልኩት። እዚያም ትምህርት አለ አለ። እናቴስ? አልኩት።

ውሃውን እያየ፣

"ይህች አገር አንዱን በልታብኛለች። ሁለተኛውን አልሰጣትም" አለ።

ሲናደድ አማርኛው ይደበላለቅበትና ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" የሚል ሰው ነው። ይህን ግን አንድ ቃል ሳይሳሳት ተናገረው። አልተናደደም ማለት ነው። ፈርቷል።

ጥር 20

አባዬ ለእናቴ ከእኔ በፊት ነግሯት ኖሯል። አላለቀሰች፣ አልተሟገተች። ልብሴን አጠበች፣ የሸሚዜን እጅጌ አስረዘመች። ፋዲላ በጆሮዬ፣ ስትጮህ አትፍራት፣ ዝም ስትል ነው መፍራት አለችኝ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ረመዳን ገባ። ማፍጠሪያ ላይ ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ። አባዬ ሳምቡሳውን ማንም ሳይነካው አንድ ብድግ አድርጎ ለይቶ አስቀመጠ። ሁልጊዜ ለናስር ያደርግ እንደነበረው። ናስር ሱቅ ዘግቶ ስለሚመጣ ሁሌ ይዘገይ ነበር። ኋላ ፋዲላ አንስታ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝና በላነው። ጣፋጭ ነበር... ይህን መጻፍ ነውር ነው? ጣፋጭ ነበር።

የካቲት 2

ለተክለሃይማኖት ነገርኩት። አንድ ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው። ያዝንልኛል ብዬ ነበር። መርከብ! አለ። ዓሣ ነባሪ ታያለህ፣ ታድለህ! ቀኑን ሙሉ ስለ መርከብ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?

እውነቱን ልናገር። ባሕር ማየት እፈልጋለሁ። መሄድ አልፈልግም፣ ማየት ግን እፈልጋለሁ። ሰው ሁለቱንም መሆን ይችላል?

የካቲት 6

ጾሙን ለምጄዋለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ እንቅልፍ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። መምህር ወልደአማኑኤል ዳዊት ሲያስነብቡ አንዴ አንቀላፋሁ። አልመቱኝም። እስላሙን ተዉት፣ በሕልሙ እያነበበ ነው አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

የካቲት 10

የአባዬ ያገር ሰው በባቡር መጣ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ደግ ነው። ከዓደን ሐልዋ አመጣልን፣ ለእናቴም ሻሽ። እኔን አቁሞ ዙሪያዬን አየኝና ትከሻው የአባቱ ነው አለ። በዓረብኛ ሳናግረው እስኪያስለው ሳቀ። ይህ ልጅ ቁርኣን እንደሚቀራ ሰው ነው የሚያወራው አለ። አባዬም አብሮ ሳቀ። ከእሱ ጋር ሲሆን ድምፁ ይለወጣል፤ ፈጠን ይላል፣ ወጣት ይሆናል። አባዬ በዓረብኛ ቀልደኛ ነው ለካ። አላውቅም ነበር።

እናቴ ጥሩ አድርጋ አበላችው። ካፈጠርን በኋላ በአባዬ አስተርጓሚነት ጥያቄ ጀመረች። አጎቴ ቤት ስንት ሴት አለ? ልብስ የሚያጥብለት ማነው? ውሃው ሩቅ ነው? ሰውየው ሁሉንም መለሰ። መጨረሻ ላይ፣

"ሲታመም ማን ይነሳለታል?" አለች።

አላህ አለ እንግዳው።

"አላህማ እዚህም አለ" አለች እናቴ። አባዬ ይህቺን አልተረጎማትም።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ዛሬ ደግሞ የክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ገባ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ጾመኛ ሆነ። ተክለሃይማኖት ከጠዋት ጀምሮ ተሟገተኝ። አንተ ማታ ሥጋ ትበላለህ፣ እኔ እስከ ፋሲካ ሽሮ ነኝ፤ የማን ይከብዳል? አለ። አንተ ውሃ ትጠጣለህ አልኩት። ውሃ ምግብ ነው እንዴ? አለ። ሳትጠጣ ዋልና ንገረኝ አልኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ሞከረና ጉድጓዱ ጋ ሄዶ ጠጣ። መምህር የሁለታችሁም ጾም ገና ምላሳችሁ ላይ አልደረሰም አሉን።

ሐድረሞት ውስጥ እንዲህ የምሟገተው ሰው ይኖረኝ ይሆን?

የካቲት 22

እናቴ የዒድ ዱዓ እኛ ቤት ይሁን ብላ ሸህ ራህመቶን ጠየቀች። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። እሺ አሉ። በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት የመጀመሪያውን ዒድ ብቻውን አይውልም፤ ሰው ከሶላት ሲመለስ ወደ ራሱ ቤት ሳይገባ እዚያ ይቀመጣል። አባዬም ደስ አለው። ለናስር ዱዓ ይደረግለት አለ።

እትዬ ሮማነወርቅ ልታግዝ መጣች። በሁዳዴ ላይ የእኛን ሥጋ ስትከትፍ ዋለች። ሳልቀምሰው ጨው መጥኛለሁ፣ ቢበዛ የኔ ኃጢአት አይደለም አለች። እናቴ ለእሷ ብቻ በአዲስ ድስት የምስር ሳምቡሳ በዘይት ሠርታላታለች።

የካቲት 23፣ እሑድ። ዒድ

ሁሉንም ልጽፍ።

ጠዋት አዲስ ልብስ ለበስኩ። ሶላት ሜዳው ላይ ነበር። ከወሎ የመጡት ነጋዴዎች፣ አርሲዎቹ፣ ዓረቦቹ፣ ሁሉም ነጭ በነጭ። ከዚያ ሰው ወደ እኛ ቤት መጣ። ሞላ፤ ደጅም ተቀመጠ። በሉ፣ ጠጡ። ሸህ ራህመቶ ለናስር ዱዓ አደረጉ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አሚን ይል ነበር። ጥሩ ነበር። ስሙ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሲጠራ... ጥሩ ነበር።

ዱዓው ሊዘጋ ሲል ሸሁ ሐጃ ያለው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የእናቴ አገር ወግ ነው፤ እዚህም ለምደነዋል። ችግር ወይም ምኞት ያለበት ሰው በሰው ፊት ይናገራል፣ ሽማግሌው ይመርቅለታል፣ የተቀመጠው ሁሉ አሚን ይላል። አንድ ሰው እንኳ አሚን ካላለ ዱዓው አይዘጋም። አሚን ብሎ ማፍረስ ደግሞ... እንዲህ ያደረገ ሰው አላውቅም።

አንዱ ነጋዴ ለታመመች ግመሉ ጠየቀ። አንዲት ሴት ልጅ እንድትወልድ። አሚን፣ አሚን።

ከዚያ እናቴ ከጓዳ ወጣች። እጇ ላይ የጫት እስር ነበር፤ ሸሁ ፊት አስቀመጠችው። ሻሿን አስተካከለች።

"ሐጃ አለኝ" አለች። "አንዱን ልጄን ሰው ቀበረልኝ፣ አላህ ይስጣቸው። ይህ የቀረው እዚሁ አድጎ፣ እኔንም አባቱንም በእጁ እንዲቀብረን ዱዓ አድርጉልኝ።"

ሁሉም መሄዴን ያውቃል። እንግዳውም ተቀምጧል። ቋንቋው ባይገባውም አንድ ነገር እንዳለ ገብቶታል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል። ፋዲላ ከመጋረጃው ጀርባ ጭንቅላቷን አወጣች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሸህ ራህመቶ እጃቸውን ዘረጉ። ይህ ልጅ እናት አባቱን ይጡር አሉ። አሚን አለ ሰው። እዚሁ ወልዶ ይሳም፣ ዘርቶ ይቃም። አሚን። ቀባሪያቸው ይሁን። አሚን።

አባዬ አላለም።

ሸሁ አስተውለዋል። እጃቸውን ሳያጥፉ ጠበቁ። ሰው ሁሉ እጁን እንደዘረጋ ነው። አባዬ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ያያል። ሸሁ ቀስ ብለው ሦስተኛዋን ደገሟት፦ "ቀባሪያቸው ይሁን።"

እናቴ ቆማለች። አላየችውም። ሸሁን ብቻ ነው የምታየው።

"አሚን" አለ አባዬ።

ከዚያ እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈና ብድግ ብሎ ወጣ። በጓሮ በር። ልከተለው ስነሳ እናቴ ዓይኗን አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። ሰው ምንም እንዳልሆነ ወሬውን ቀጠለ። እትዬ ሮማነወርቅ የምስር ሳምቡሳዋን ይዛ ገብታ ምን ሆናችሁ? አለች። ዒድ ነው አላት ፋዲላ።

የካቲት 24

አባዬ አይናገርም። አልተቆጣም፣ ይበላል፣ ይሰግዳል። ብቻ አይናገርም። እሄዳለሁ? እቀራለሁ? ማንን ልጠይቅ?

የካቲት 25

እንግዳው ብቻውን ሄደ።

ጣቢያ ድረስ ሸኘነው። ትኬት ሲቆረጥ አባዬ አንድ ብቻ አለ። ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሰውየው ሳቀ፤ ሴትየዋ አሸነፈችህ አለው በዓረብኛ። አባዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብዬዋለሁ፣ አሚን ብዬዋለሁ ሲል ሰማሁ። ተቃቀፉ። ረጅም ጊዜ። አባዬ ባቡሩ ከዓይን እስኪጠፋ እጁን አላወረደም።

ባሕሩን አላየውም እንግዲህ። ትንሽ ቆጨኝ። ትንሽ... ወደ ቤት ስንመለስ ግን እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር።

የካቲት 26

ጠዋት ጓሮ ውስጥ ሆኜ ሰማኋቸው። ለመስማት አልነበረም የቆምኩት፤ በኋላ ግን ለመስማት ቆምኩ።

አባዬ በሰው ፊት ከምታስሪኝ ከእኔ ጋር መነጋገር አትችይም ነበር? አላት።

"ከእርስዎ ጋር ስነጋገር እርስዎ ያሸንፋሉ" አለች እናቴ።

ንዳድ ቢይዘውስ? አለ አባዬ። ድምፁ እንደ ሶደሬው ነበር።

"ያን ጊዜ አጠገቡ እሆናለሁ። ለናስር አልነበርኩም።"

አባዬም "እኔም አልነበርኩም" አለ። ከዚያ የልቅሶ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ስታለቅስ ሰምቼ አውቃለሁ። ያ የእሷ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ጠራኝና በቅሎዎቹን አዘጋጅ፣ ነገ ቡልቡላ እንወርዳለን አለኝ።

የካቲት 28

ዓለም ጤና አደርን። መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። አባዬ ትናንት ዝም ብሎ ነበር፣ ዛሬ ግን ያወራል። ከቤቱ ሲወጣ በእኔ ዕድሜ ነበር። አባቱ ከነጋዴዎች ጋር ላኩት። እናቱ ጣራ ላይ ቆማ አየችው። ቶሎ እመለሳለሁ ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ አላያትም፤ ሞታለችም አሉ፣ መቼ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ይህን ለናስር ነግሮት ያውቅ ይሆን? ልጠይቀው ፈለግኩ። አልጠየቅኩም። ሽንኩርት በዳቦ በላን።

መጋቢት 1

ቡልቡላ።

ደገፋ ሸምገል ያለ ረጅም ሰው ነው። አባዬን ሲያይ ማን እንደሆነ አልጠየቀውም። አካም ጅርታ፣ ደህና ነህ ወይ ብሎ እጁን በሁለት እጁ ያዘውና ሳይለቅ ወደ መቃብሩ ወሰደን። የአባዬ ኦሮምኛ ከአማርኛው ይሻላል፤ የገበያ ነው ግን ይሄድለታል። እኔ እየሰማሁ ተከተልኩ።

ከግራር ሥር ነው። ዙሪያውን በእሾህ አጥሮታል፤ ከብት እንዳይረግጠው አለ። ደገፋ እስላም አይደለም። ናስር ሲያርፍ ልጁን ልኮ ከማዶ እስላሞች አስመጣ፤ እንደ ወጉ አጥበው ቀበሩት። ናስር እስከ መጨረሻው ደህና እንደነበር ነገረን። ትኩሳቱ ሲለቀው ይቀልድ ነበር አለ። ላሜን፣ አንቺ እንደ አባቴ ትጮሂያለሽ ይላት ነበር አለ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አፌን ያዝኩ። ናስር ነው፤ እውነትም ናስር ነው።

ፋቲሃ ቀራን። አባዬ አፈሩን በመዳፉ ዳበሰው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ከዚያ ሳይነሳ አጠገቡ ያለውን ባዶ መሬት ነካ ነካ አድርጎ፣

"ይህ የማን ቦታ ነው?" አለ።

የማንም አይደለም አለ ደገፋ።

"ለእኔ ትይዝልኛለህ?"

ደገፋ ከላይ እስከ ታች አየው። ጥምጣሙን፣ አቧራ የለበሰ ጫማውን፣ ሁሉንም።

"እይዝልሃለሁ" አለ። "ግን ዛሬ ልትተኛበት ካልሆነ ተነስ፣ ሚስቴ ምሳ አቅርባለች።"

አባዬ ሳቀ። ከዓረቦቹ ጋር እንደሚስቀው፤ ትከሻው እየተነቃነቀ፣ እንባው እየወረደ። ደገፋ ብብቱን ይዞ አነሳው።

ጭኮና እርጎ ነበር። አባዬ እስኪበቃው በላ። አሁን ከደገፋ ጋር ደጅ ተቀምጠው ስለ ቆዳ ዋጋ ይከራከራሉ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ለቆዳ ግዢ እዚህ እኛው እንወርዳለን ይለዋል። ትምህርት ባለበት ጊዜ ግን ልጁ መምጣት አይችልም ይለዋል።

ልጁ እኔ ነኝ።